የመሥሪያ ቤት ኢ-ሜይል ከመልእክት ሳጥን ወደ መዝገብ ቤት

በአዲስ አበባ ከተማ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዓለም ባንክ ሰፈር ስያሜውን ያገኘው በባንኩ የገንዘብ ድጋፍ በአካባቢው ከተካሄደው የመኖሪያ ቤት ልማት ነው። ያ ሥራ በተከናወነበት ዘመን የመሥሪያ ቤቶች ግንኙነት በወረቀት የሚካሄድ ነበር። ደብዳቤው በታይፕ ይጻፋል፣ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ቅጂው በመዝገብ ቤት ይቀራል። የጻፈው ሰው ቢዛወር ወይም በጡረታ ቢሰናበት እንኳ ፋይሉ በመደርደሪያው ላይ ይቆያል። በአሁኑ ጊዜ ግን በዚያው ሰፈርም ሆነ በሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች በርካታ የሥራ ጥያቄዎችና ምላሾች የሚተላለፉት በኢ-ሜይል ሲሆን፣ መልእክቱ ከተነበበ በኋላ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ኃላፊ ብዙ አይደለም።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የዓለም ባንክ ሰፈር ነዋሪ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ለማግኘት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አመለከቱ እንበል። የወረዳው ሠራተኛ በይዞታው ስፋት ላይ ጥርጣሬ ስላደረበት ለክፍለ ከተማው በኢ-ሜይል ማብራሪያ ይጠይቃል። ክፍለ ከተማውም ልኬቱን የሚያሳይ ንድፍ አያይዞ፣ ነዋሪው እንዲስተናገዱ ሲል በዚያው መንገድ ይመልሳል። ከስድስት ወር በኋላ ሠራተኛው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፤ ኮምፒዩተሩ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል፤ የመልእክት ሳጥኑ የሚከፈትበትን የይለፍ ቃልም የሚያውቅ ይጠፋል። በወረቀቱ ፋይል ውስጥ የሚገኘው የነዋሪው ማመልከቻ ብቻ ይሆናል። ምላሹ ተሰጥቷል፣ ነገር ግን አይገኝም። አመልካቹም ጉዳያቸውን እንደገና «ሀ» ብለው እንዲጀምሩ ይገደዳሉ።

ኢ-ሜይል ወደ አገራችን በገባበት የመጀመሪያ ጊዜ ችግሩ በዚህ መልክ አልነበረም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ይገኝ በነበረው ፓዲስ በተባለው የመረጃ ማዕከል አማካይነት አገልግሎቱን ያገኙ ተጠቃሚዎች በስልክ መስመር ተገናኝተው መልእክቶቻቸውን ወደ ኮምፒዩተራቸው ካወረዱ በኋላ መስመሩን ዘግተው ያነቡ ነበር። የስልክ ሒሳብ ውድ በመሆኑ እያንዳንዱ መልእክት በግድ ፋይል ሆኖ በተጠቃሚው ማሽን ላይ ያርፍ ነበር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት በጥር 1989 ዓ.ም ከጀመረ በኋላ፣ በተለይም እንደ ያሁ ያሉ በድረ-ገጽ የሚከፈቱ የመልእክት ሳጥኖች እየተለመዱ ሲሄዱ፣ መልእክቱ በሌላ አገር በሚገኝ ሰርቨር ላይ መቅረት ጀመረ። ለተጠቃሚው የተመቸ ቢሆንም፣ ቅጂው ከመሥሪያ ቤቱ እጅ ወጥቷል።

የሕጉ አቋም በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የአገሪቱን መዛግብት የማሰባሰብና የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው ተቋም ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ የሚገኝ መረጃ እንዲሰጠው የመጠየቅ መብት እንዳለው የደነገገ ሲሆን፣ ጥያቄው የቀረበለት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በ30 ቀናት ጊዜ ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዛል። መረጃው በአንድ ሠራተኛ የግል ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ 30 ቀናት ለፍለጋው ብቻ እንኳ ላይበቁ ይችላሉ። በኋላም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። የኋለኛው አዋጅ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና በመስጠቱ «ይህ እኮ ኢ-ሜይል ብቻ ነው» የሚለው አባባል ቀድሞ የነበረውን ክብደት አጥቷል።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚመርጡት መፍትሔ መልእክቱን በወረቀት አትሞ በፋይል ማስገባት ነው። ጨርሶ ካለማስቀመጥ የተሻለ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ የታተመ ወረቀት ሙሉው መዝገብ እንዳልሆነ በሌላ አገር በፍርድ ቤት ክርክር የተረጋገጠ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ በጥር 1989 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ሥልጣን በሚያስረክቡበት ዋዜማ፣ የዋይት ሀውስ የኢ-ሜይል ቅጂዎች የያዙ ቴፖች እንዳይደመሰሱ ለማስቆም ስኮት አርምስትሮንግ የተባሉ ጋዜጠኛና ተባባሪዎቻቸው ክስ መሠረቱ። መንግሥት አስፈላጊዎቹ መልእክቶች በወረቀት ታትመው እስከተቀመጡ ድረስ ቴፑ ቢጠፋ ጉዳት የለውም ሲል ተከራከረ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ በ1993 በሰጠው ውሳኔ ክርክሩን አልተቀበለም። በወረቀቱ ላይ መልእክቱን ማን እንደላከ፣ እነማን እንደተቀበሉትና መቼ እንደደረሳቸው ሁልጊዜ የማይታይ በመሆኑ ወረቀቱ የኤሌክትሮኒኩ መዝገብ ትክክለኛ ምትክ ሊሆን አይችልም ነበር ያለው።

ይህ ውሳኔ ለእኛም የሚያስተምረው አለ። አንድ ኢ-ሜይል በስክሪን ላይ ከሚታየው ጽሑፍ በላይ የሚይዘው ነገር አለ። የመጀመሪያው ክፍል ራስጌው ነው፤ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ፣ በግልባጭ የተላከላቸው ሰዎች፣ ጉዳዩ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ መልእክቱ ብቻውን የሚታወቅበት መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም በየትኞቹ ሰርቨሮች እንዳለፈ የሚያሳዩ መስመሮች በዚህ ክፍል ይገኛሉ። በደብዳቤ ቋንቋ ብንናገር የመዝገብ ቁጥሩ፣ የፖስታው ማኅተምና የገቢ መዝገቡ ፊርማ ሁሉም እዚህ ላይ ናቸው። ሁለተኛው ክፍል የመልእክቱ አካል ሲሆን፣ ሦስተኛው አባሪው ነው። በደንብ የተቀመጠ ፋይል የሚባለው ሦስቱንም ሳይነጣጥል የያዘ ነው። ስውር ግልባጭ ግን የተለየ ጠባይ አለው፤ በስውር የተላከላቸው ሰዎች አድራሻ የሚታየው በላኪው «የተላኩ» ፎልደር ባለው ቅጂ ላይ እንጂ በተቀባዮቹ ቅጂ ላይ አይደለም። በመሆኑም ወጪ መልእክትን ማስቀመጥ ያለበት ራሱ ላኪው መሥሪያ ቤት ነው።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። በተንደርበርድ ፕሮግራም መልእክቱን ከፍቶ ከፋይል ሜኑ «ሴቭ አዝ» የሚለውን መምረጥ ኢኤምኤል በተባለ ቅርጽ ያለ ፋይል ያስገኛል። ይህ ቅርጽ መልእክቱን በኢንተርኔት እንደተጓዘበት ሁኔታ፣ ከነራስጌውና ከነአባሪው የሚይዝ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በብዙ ፕሮግራሞች ሊከፈት ይችላል። ጂሜይልን በድረ-ገጽ የሚጠቀሙ ደግሞ ከመልእክቱ ጎን ባሉት ሦስት ነጥቦች ሥር የሚገኘውን መልእክቱን የማውረጃ ትእዛዝ ሲጫኑ ይኸው የኢኤምኤል ፋይል ይወርድላቸዋል። በቢሮዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው የቀድሞው አውትሉክ የራሱ የሆነ ኤምኤስጂ የሚባል ቅርጽ አለው። እሱም ራስጌውንና አባሪውን ይይዛል፤ ሆኖም በዋነኛነት ለራሱ ለአውትሉክ የተሠራ በመሆኑ መሥሪያ ቤቱ ነገ ሌላ ፕሮግራም ቢጠቀም መክፈቻ መፈለግ ሊኖርበት ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቀመጥ መዝገብ ኢኤምኤልን መምረጡ ይበጃል የሚል እምነት አለን። ከዚያው ዝርዝር ውስጥ «ጽሑፍ ብቻ» የሚለውን የመረጠ ሠራተኛ ግን አባሪውን በሙሉ ያጣል። በምሳሌያችን የተጠቀሰው የይዞታ ንድፍ በዚህ መንገድ ቢቀመጥ የሚቀረው የንድፉ ስም ብቻ ይሆን ነበር።

ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ በዚህ ላይ ዘለግ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ በየቢሮው ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ የጫኑ ነበሩ። ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ሲሆን፣ ለዓይን አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ ስለተጫነ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ አቀማመጥ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። በዚያ ዘመን የተላከ መልእክት ወይም አባሪ በዛሬ ኮምፒዩተር ሲከፈት የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆነው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ያለው መሥሪያ ቤት ተበላሽቷል ብሎ መሰረዝ የለበትም። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የተጻፈበት ፎንት ከተገኘ ይነበባል፣ ወደ ዩኒኮድም ሊለወጥ ይችላል። ስለሆነም ከፋይሉ ጎን የፎንቱን ስም መዝግቦ ፎንቱንም አብሮ ማስቀመጥ ይገባል። ፒዲኤፍ አድርጎ የሚያስቀምጥም ቢሆን ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ መካተቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ጽሑፉ በእርግጥ የሚጠፋው ከዚህ በተቃራኒው ሁኔታ፣ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዩኒኮድን በማያውቅ ቅርጽ ሲቀመጥ ነው። በአውትሉክ የፋይል ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ሁለት የሚመሳሰሉ ምርጫዎች ይታያሉ፤ አንደኛው የአውትሉክ መልእክት ቅርጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚሁ ስም ላይ ዩኒኮድ የሚል ቃል የተጨመረበት ነው። ለአማርኛ መመረጥ ያለበት ሁለተኛው ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ በኖትፓድ «አንሲ» በሚል ምርጫ የተቀመጠ የአማርኛ ጽሑፍ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። የጥያቄ ምልክት የሆነ ጽሑፍ ከተዘበራረቀው የቀድሞ ፎንት ጽሑፍ የሚለየው ሊመለስ አለመቻሉ ነው። ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ቢያሳይም በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ብዙዎች ሳያነቡ ያልፉታል። ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መምረጥ ይህን ያስቀራል።

ለፋይሉ ስም መስጠትም ቀላል የሚመስል ግን ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ ነው። የአገራችን የደብዳቤ ቁጥሮች በእዝባር የሚከፋፈሉ ናቸው፤ ለምሳሌ ኮቀ/ወ/214/17 የሚል ቁጥር ሊኖር ይችላል። ዊንዶውስ ግን በፋይል ስም ውስጥ እዝባርን አይቀበልም። ሠራተኞች በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ጨርሰው ይተዉትና «ደብዳቤ»፣ «ደብዳቤ አዲስ»፣ «የመጨረሻ ደብዳቤ» የሚሉ ስሞችን ይሰጣሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። እዝባሩን በጭረት መተካት ይበቃል። ቀኑ፣ ገቢ ወይም ወጪ መሆኑ፣ ቁጥሩና ጉዳዩ በአጭሩ ከተጻፉ፣ ለምሳሌ «2017-03-12ዓም ገቢ ኮቀ-ወ-214-17 የይዞታ ማብራሪያ» ከተባለ፣ ፋይሎቹ በራሳቸው በቀን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። የፋይሉ ሙሉ አድራሻ ከነፎልደሮቹ ከ260 ፊደላት ሲበልጥ በዊንዶውስ ላይ ችግር ሊፈጥር ስለሚችል ጉዳዩን ማሳጠሩ ተገቢ ነው።

በምሳሌው ላይ «ዓም» የተጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። 2017-03-12 የሚለውን አንዱ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም ብሎ ሲያነብ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር የመጋቢት ወር ቀን አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ በመካከሉ ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ። በመልእክቱ ራስጌ ላይ የሚጻፈው ቀን ምንጊዜም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ላይ የተላከ መልእክት 15፡40 ይልና ከጎኑ የእኛን የሰዓት ክልል የሚያመለክት ሲደመር 0300 ያክላል። ሰርቨሩ በሌላ አገር የሚገኝ ከሆነ በራስጌው ውስጥ በዚያ አገር ሰዓት የተጻፉ መስመሮችም ይኖራሉ። የጨረታ ሰነድ ወይም የቅሬታ ማመልከቻ በጊዜው ደርሷል አልደረሰም በሚል ክርክር ቢነሳ መፍትሔው የሚገኘው ከእነዚህ መስመሮች ነው። በፋይሉ ስም የኢትዮጵያን ቀን መጻፍ፣ ራስጌውን ግን ፈጽሞ አለመንካት ያስፈልጋል። ማብራሪያ ቢያስፈልግ በሌላ ወረቀት ይጻፍ እንጂ ዋናው አይታረምም።

መልእክቶችን አንድ በአንድ ከማስቀመጥ ይልቅ ሙሉውን ሳጥን በአንድ ጊዜ መገልበጥ የሚመርጡም አሉ። አውትሉክ ሁሉንም መልእክት ፒኤስቲ በተባለ አንድ ትልቅ ፋይል ይይዛል። ለመጠባበቂያ ይህ ጥሩ ነው፤ ለመዝገብነት ግን አይመከርም። የሠራተኛው የሠርግ ጥሪና የመሥሪያ ቤቱ የበጀት ደብዳቤ ተደባልቀው የሚቀመጡ ከመሆኑም በላይ አንዱ ፋይል ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ይበላሻል። ከ2003 እትም በፊት በነበሩት የአውትሉክ ፕሮግራሞች ፋይሉ 2 ጊጋባይት ሲደርስ መክፈት እስከማይቻል ድረስ ይበላሽ ነበር። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንዲህ ያለ ፋይል ያላቸው ቢሮዎች ማሽኑን ከማስወገዳቸው በፊት ይዘቱን ቢያወጡ ይመረጣል።

ፕሮግራሙ ከሰርቨር ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ማወቅም ይጠቅማል። ፖፕ በተባለው መንገድ የተስተካከለ ፕሮግራም መልእክቱን ካወረደ በኋላ ከሰርቨሩ ላይ ሊያጠፋው ስለሚችል ያለው ቅጂ በጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ብቻ ይሆናል፤ መብራት ሲቆራረጥ ሃርድ ዲስኩ ቢቃጠል ሌላ የለም። አይማፕ በተባለው መንገድ መልእክቱ በሰርቨሩ ላይ ይቆያል፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተሰረዘ ግን ከሁሉም ይሰረዛል። በሁለቱም ሁኔታ የተቀመጡት ፋይሎች ቢያንስ በሁለት ቦታ ቢገኙ፣ አንደኛው ቅጂም ከቢሮው ሕንፃ ውጭ ቢሆን አስተማማኝ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ዲስክ ለዚህ አገልግሎት አይሆንም፤ በየቢሮው ቫይረስ የሚያዛምተውም እሱ ነው።

በግል ኢ-ሜይል የመንግሥት ሥራ መሥራት የተለመደ መሆኑ ደግሞ ችግሩን ያባብሳል። የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ አልሠራ ሲል ወይም አባሪው ሲከብድ ሠራተኛው ወደ ጂሜይል ወይም ያሁ ይዞራል። ያሁ ለ12 ወራት ያልተከፈተን ሳጥን ይዘት የሚያጠፋ ሲሆን፣ ጉግልም እ.ኤ.አ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል ሒሳቦችን መሰረዝ ጀምሯል። ሠራተኛው ሥራ ከለቀቀ በኋላ ሳጥኑን ባይከፍተው የመንግሥት መዝገብ በውጭ ኩባንያ ደንብ ተሰረዘ ማለት ነው። አማራጭ ጠፍቶ በግል አድራሻ የተላከ የሥራ መልእክት ቢኖር በዚያው ቀን ወደ ኢኤምኤል ፋይል ተቀይሮ ለመሥሪያ ቤቱ ሊገባ ይገባል።

ሁሉም ኢ-ሜይል ይቀመጥ ማለት ግን አይደለም። የስብሰባ ሰዓት ማስታወሻ፣ የበዓል መልካም ምኞትና የማስታወቂያ መልእክት ቦታ ከማጣበብ በስተቀር ጥቅም የላቸውም። መለያው የሚሆነው፣ ይህ በወረቀት ቢመጣ ኖሮ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠው ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ አዎን ከሆነ ኢ-ሜይሉም ይቀመጣል። የዜጎች ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የጤና ሁኔታ የሚገኝባቸው መልእክቶች ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚመለከታቸው ስለሆነ ማንም በሚከፍተው የጋራ ፎልደር ውስጥ ሊቀመጡ አይገባም።

በሠራተኛ ዝውውር ጊዜ የሚደረገው ርክክብ ጉዳዩ የሚፈተንበት ቦታ ነው። በርክክብ ቅጹ ላይ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የካቢኔቱ ቁልፍና ኮምፒዩተሩ በቁጥር ይሰፍራሉ። በዚያው ቅጽ ላይ በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ያሉት የሥራ መልእክቶች ወደ ፋይል መለወጣቸውን፣ በየትኛው ፎልደር እንደተቀመጡና ብዛታቸው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ አንድ መስመር መጨመር ይቻላል። ተረካቢው ከመፈረሙ በፊት ከፋይሎቹ ሦስት ወይም አራቱን መርጦ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይክፈት። አማርኛው ከተነበበ፣ አባሪው ከተከፈተ፣ የላኪው አድራሻና ሰዓቱም ከታዩ ርክክቡ ተሟልቷል።